ሃይማኖትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ምን ይላሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እስከ ዛሬ በዚህ ሰዓት ስለ ሃይማኖታችን ስናስተምር ቆይተናል፤ ዛሬ ግን ሃይማኖትን ራሱን እንደ አንድ የዕውቀት ርእስ ይዘው ስለሚመረምሩ ሊቃውንት፣ ስለሚጠቀሙባቸው ቃላትና ስለ ሐሳባቸው ልንነግራችሁ አስበናል። ለዚህም ያነሣሣን ምክንያት አለ።

ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወርድ ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ «እማዬ፣ አንድ ታላቅ የፈረንሳይ ሊቅ፥ ሰው እግዚአብሔርን የሚያመልክ ይመስለዋል እንጂ የሚያመልከው የገዛ ማኅበሩን ነው ብሏል፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ እናቱን ሊጠይቅ ይችላል። እናቲቱ አንዳንድ ጊዜ ትቈጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም አማትባ ዝም ትላለች። ቍጣውም ዝምታውም ለልጁ መልስ አይሆንለትም። ጥያቄው ደግሞ በዛሬው አራዳ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው ኑሮ ላይ የወደቀ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተብሎ በተጀመረው ሥራ ምክንያት፣ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። አብሮ ዕድር የገባ፣ አብሮ ጽዋ የጠጣ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይቶ ልጅ ያሳደገ ሕዝብ በየአቅጣጫው ተበትኗል። እንግዲህ ሃይማኖት የማኅበር ጥላ ብቻ ከሆነ፣ ማኅበሩ ሲበተን ምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሊቃውንቱ እንሂድ።

እንዲህ ያለውን ነገር መስማት የሃይማኖት ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ አቴና በገባ ጊዜ ለፈላስፎቹ ከመናገሩ አስቀድሞ ከተማዋን ተዘዋውሮ አይቷል፤ መሠዊያዎቻቸውን ተመልክቷል፤ ስማቸው ላልታወቀ አምላክ የቆመውንም መሠዊያ ጽሕፈት አንብቦ ስብከቱን ከዚያው ጀምሯል። ይህ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ተጽፎ ይገኛል። ሐዋርያው መጀመሪያ አየ፤ ከዚያ በኋላ ተናገረ። እኛም መጀመሪያ እንስማ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። «ሃይማኖት» የምንለው ቃል በግእዝ «አምነ» ከሚለው ግሥ ጋር የአንድ ሥር ዘመድ ነው፤ «እምነት»፣ «ታማኝ»፣ «አሜን» የሚሉትም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ በዚህ መልኩ ወደ ግእዝ የገባው ከአራማይክ ቋንቋ መሆኑን ያስረዳሉ። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ «ፒያሳ» የሚለውም ቃል ከጣሊያን አገር መጥቶ ዛሬ የእኛው ሆኗል። አብዛኞቹ አውሮፓውያን ግን ለዚህ ነገር የሚናገሩትን ቃል ያገኙት «ሬሊጊዮ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። የቃሉ ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ ጥንታውያኑ ራሳቸው አልተስማሙበትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ሮማዊው ቺቼሮ፣ ደጋግሞ ማንበብንና በጥንቃቄ ማሰላሰልን ከሚያመለክት ግሥ አወጣው። ክርስቲያኑ ላክታንቲዮስ ግን ማሰር ከሚል ግሥ አውጥቶ፣ ሰው ከአምላኩ ጋር የታሰረበት ማሰሪያ ነው ሲል ተረጐመው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የእኛ ቃል የሚጀምረው ከመታመን ነው፤ ማንን አመንህ? ምን ብለህ አመንህ? ብሎ ይጠይቃል። ከአረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ሃይማኖተ አበው» የተባለው መጽሐፍ በስሙ «ሃይማኖት» ሲል የአባቶችን የእምነት ምስክርነት ማለቱ ነው እንጂ የበዓል አከባበራቸውን ማለቱ አይደለም። የላቲኑ ቃል ግን ሰው ለአምላኩ የሚያደርገውን ጥንቃቄና አክብሮት፣ ሥርዐቱንና ግዴታውን አብሮ ይይዛል። ስለዚህ አንድ የአውሮፓ መርማሪ በጥምቀት በዓል ወደ ጃን ሜዳ ወርዶ ጭብጨባውን፣ ጽናጽሉን፣ ነጭ ልብሱንና እልልታውን በመዝገቡ ጽፎ «ሃይማኖታቸው ይህ ነው» ቢል፣ የእኛ ሰው «ይህስ ሥርዐት ነው፤ ሃይማኖቱ ምሥጢረ ሥላሴና ምሥጢረ ሥጋዌ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም አልዋሹም፤ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተናገሩ እንጂ። ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ በ1962 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አንሥቶ፣ በልብ ያለውን እምነትና በዘመናት የተጠራቀመውን ትውፊት በአንድ ስም መጥራት ነገርን ያደናግራልና ስሙን ብንተወው ይሻላል እስከ ማለት ደርሷል። የአብነት መምህሮቻችን ሃይማኖት አይለወጥም፣ ሥርዐት ግን በአባቶች ጉባኤ ሊሻሻል ይችላል እያሉ ሁለቱን ለይተው ሲያስተምሩን ስለ ኖሩ፣ ይህ ክርክር ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ሊቃውንት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስታውሱ።

ሃይማኖትን የሚመረምሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዱ፥ ሃይማኖት ምንድን ነው? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ ሃይማኖት ምን ይሠራል? የሚል ነው። ስለ ምንነቱ ከጠየቁት መካከል እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሃይማኖት በመናፍስት መኖር ማመን ነው የሚል አጭር መግለጫ ሰጠ። የጥንት ሰው ሕልምንና ሞትን አይቶ፣ በሥጋ ውስጥ ሌላ የማይታይ ነገር አለ ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ለዛፉና ለወንዙም መንፈስ ሰጠ፤ ቀስ በቀስም ወደ አንድ አምላክ ደረሰ የሚል ነው ሐሳቡ። ጄምስ ፍሬዘር ደግሞ ከ1890 ጀምሮ በብዙ ክፍል ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከአስማት ወደ ሃይማኖት፣ ከሃይማኖትም ወደ ሳይንስ እንደ መሰላል ይወጣል አለ። የእነዚህ ሰዎች ድካም ብዙ ነው፤ ንባባቸውም ያስደንቃል። ነገር ግን ማንም ያላየውን የሰውን የመጀመሪያ ሐሳብ በግምት ጽፈዋል። መሰላሉም ቢሆን በአራዳ መንገድ ላይ አይሠራም፤ የጤና ሳይንስ የተማረው ሐኪም ጧት በጊዮርጊስ ደጅ አማትቦ ወደ ሆስፒታሉ ሲሄድ እናያለንና። ስለዚህ በእነርሱ ላይ ብዙ አንቈይም።

በሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለት ሃይማኖት ምን ይሠራል በሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ያ ተማሪው የጠቀሰው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ስሙ ኤሚል ዱርኬም ይባላል፤ አባቱ የአይሁድ ረቢ ነበሩ፤ እርሱ ግን የሶሲዮሎጂ፣ ማለት የማኅበራዊ ኑሮ ዕውቀት መምህር ሆነ። በ1912 ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች ሥርዐት ሌሎች ከጻፉት አንብቦ መረመረ፤ ወደ አገራቸው ግን ሄዶ አያውቅም። እንደ እርሱ ሐሳብ በዓለም ያለ ሃይማኖት ሁሉ ነገሮችን በሁለት ይከፍላል፤ የተቀደሰውንና ተራውን። የተቀደሰው የተለየና የተከለከለ ነው። በተቀደሰው ዙሪያ ያለው እምነትና ሥርዐትም ሰዎችን አንድ ማኅበር ያደርጋቸዋል። ሰዎች በአንድነት ተሰብስበው ሲዘምሩና ሲያሸበሽቡ፣ ለብቻቸው ሳሉ የማያውቁት ኀይል ይሰማቸዋል። ያ ኀይል በእውነት አለ ይላል ዱርኬም፤ ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ኀይሉ የማኅበሩ ራሱ ኀይል ነው፤ እነርሱ ግን አምላክ ብለው ይጠሩታል።

ይህን ሐሳብ ለመመዘን ከአራዳ ጊዮርጊስ የሚሻል ቦታ የለም። ይህ ስምንት ማዕዘን ያለው ካቴድራል የተሠራው ለዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀኑ የሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ዘምቶ እንደ ነበረ አባቶች ይናገራሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚሁ ዘውድ ጫኑ፤ በዋዜማውም የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፊት ለፊቱ ተመረቀ። በአጠገቡ የአራዳ ገበያ ነበር። ገበያው፣ ዘውዱ፣ ድሉና ታቦቱ በአንድ አደባባይ! ዱርኬም ይህን ቢያይ ኖሮ «እነሆ፣ እኔ ያልሁት» ባለ ነበር። እኛም አንክደውም። ሰው ብቻውን የማይደርስበትን በማኅበር ይደርሳል። ጌታችንም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ በሚሰበሰቡበት በመካከላቸው እንደሚሆን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ተናግሯል። የሰንበቴውና የጽዋው ማኅበር፣ የቅዳሴው ተሰጥኦ፣ የሚያለቅሰውን የሚያጽናናው ዕድር ሁሉ የሃይማኖት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሃይማኖት በምድር ላይ የሚቆምበት እግር መሆኑን ከዱርኬም ብንማር አናፍርም።

ነገር ግን መከፋፈያው ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ጠባብ ነው። የተቀደሰና ተራ ብሎ በሁለት የሚከፍል ሰው በጊዮርጊስ በር ላይ ይቸገራል። ከቅጽሩ ውጭ መንገዱ አለ፤ ከቅጽሩ ውስጥ ዐፀዱ አለ፤ ጫማ የሚወልቅበት ደጃፍ አለ፤ ከዚያም ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያም ቅድስት፣ ከዚያም ታቦቱ የሚገኝበትና ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ አለ። ቅድስናው እንደ ብርሃን ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ይሄዳል እንጂ በአንድ መሥመር አይቈረጥም። በታክሲ የሚያልፈው ሰው እንኳ በመስኮት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያማትብ ብርሃኑ በአስፋልቱ ላይ ደርሶታል። ጥር 10 ቀን ደግሞ ታቦታቱ ራሳቸው ከመቅደስ ወጥተው በመንገድ ይሄዳሉ፤ ተራ የተባለው መንገድ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፤ ይጠረጋል፤ ይሰገድበታል። የተለየና የተከለከለ ያለው ነገር ወደ ሰው ሲወጣ ዱርኬም ምን ይላል? እኛ ግን ምሥጢረ ሥጋዌን የተማርን ስለ ሆነ፣ ቅዱሱ ወደ ሰው መውጣቱ አያስደንቀንም።

ሌላም አለ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ባለቤት የሆነው ሰማዕት ራሱ ማን ነበር? ወታደር ነበር፤ ክብር ያለው የመኳንንት ልጅ ነበር፤ የዘመኑ ንጉሥ፣ የዘመኑ ሕዝብ፣ የዘመኑ ማኅበር ሁሉ በአንድ ወገን ቆሞ ሳለ እርሱ በሌላው ወገን ብቻውን ቆሞ ሞተ። ሰው የሚያመልከው ማኅበሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዮርጊስ የዱድያኖስን ጣዖት ባመለከ ነበር። የዱርኬም ደቀ መዛሙርት ለዚህም መልስ አላቸው፤ «ሰማዕቱ ያመለከው ገና የሚመጣውን፣ በልቡ የሳለውን ማኅበር ነው» ይላሉ። ብዙ ሰው ቢሰበሰብ ማኅበሩ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢቆም በውስጡ ያለው ማኅበር ነው፤ ማኅበሩን ቢቃወም ደግሞ የወደፊቱ ማኅበር ነው። ይህ ምንም ነገር ቢሆን የማይረታ ክርክር ነው፤ ምንም ነገር ቢሆን የማይረታ ክርክርም ከዳኛ ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ምስክር የሌለው ሆኖ ይገኛል።

የአራዳንም ታሪክ እንይ። ዱርኬም የጠቀሰው ማኅበር በዚህ ቦታ ስንት ጊዜ ተለወጠ? በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ በፈጁበት ጊዜ ካቴድራሉን በእሳት አቃጠሉት፤ በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ቀረ፤ በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ፈረሱ። ገበያተኛው፣ ንጉሡና ጎረቤቱ በየተራ ሄዱ። ቅዳሴው ግን አልቀረም። ይህ ብቻውን የእግዚአብሔርን መኖር ያስረዳል ብለን አንከራከርም፤ እንዲህ ያለ አቋራጭ መንገድ አባቶችም አልያዙም። ነገር ግን የሚመለከው ማኅበሩ ነው የሚል ሰው፣ ከእነዚህ ማኅበሮች የትኛው እንደ ሆነ እንዲነግረን እንጠይቀዋለን።

ከማኅበሩ ወደ ሰው ልብ የተመለሰው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ኦቶ ነው። በ1911 ወደ ሞሮኮ ሄዶ ሳለ በሞጋዶር ከተማ በአንድ የአይሁድ ምኵራብ ነቢዩ ኢሳይያስ ከሱራፌል አፍ የሰማውን የሦስት ጊዜ ቅዱስታ ሲዘምሩ ሰማና ልቡ ተነካ። ይህንኑ ምስጋና እኛ በየቅዳሴያችን እንሰማዋለን፤ ምናልባትም ከመልመዳችን የተነሣ አያስደነግጠንም። ኦቶ በ1917 ባሳተመው መጽሐፉ ቅዱስ የተባለው ነገር በመጀመሪያ ደግ ሥራ ማለት አይደለም አለ፤ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ፣ ከሁሉ የተለየ ምሥጢር ፊት ሲቆም የሚሰማው ነገር ነው፤ ያም ነገር ያስፈራል፤ ደግሞም ይስባል። ሁለቱን በላቲን ቃል ለመግለጽ ብዙ ደከመ። በአማርኛ ግን ሁለቱ ተጋብተው ይኖራሉ፤ «ግርማ ሞገስ» እንላለንና። ግርማው ያርቃል፤ ሞገሱ ያቀርባል። ሙሴ በሲና ቍጥቋጦውን ሊያይ የቀረበው፣ ቀርቦም አትቅረብ፣ ጫማህን አውልቅ የተባለው በዚህ ነው፤ በዘፀአት ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ። አሮጊቷ እናታችን የጊዮርጊስን ግድግዳ ልትሳለም ስትቀርብ በአንድ ጊዜ የምትፈራውና የምትናፍቀውም ይህንኑ ነው። ኦቶ ይህን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ስለ ስሜቱ ብዙ ተናግሮ፣ የሚያስፈራውና የሚስበው ማን እንደ ሆነ በስሙ ለመጥራት መዘግየቱ ነው።

ሃይማኖትን እንደ በሽታ የቈጠሩም አሉ። ካርል ማርክስ በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ ሃይማኖትን ሕመምን ከሚያደነዝዝ ኦፒየም ጋር አመሳሰለው፤ በዚያው ስፍራ ግን የተገፋ ሰው ሰቈቃ መሆኑንም አልሸሸገም። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1927 ደግሞ አባትን ከመናፈቅ የተወለደ ምኞት ነው አለ። ለፍሮይድ የምንመልሰው አጭር ነው። የተጠማ ሰው ውሃ መመኘቱ ውሃ አለ ማለት አይደለም፤ የለም ማለትም አይደለም። ስለ ጥማቱ መናገር ስለ ምንጩ መናገር አይደለም። የማርክስን ነቀፌታ ግን ሁልጊዜ ሐሰት ነው ብለን አንሸሽም፤ ድኻውን ታገሥ እያለ ባለጸጋውን ያልገሠጸ ሰባኪ በማንኛውም ዘመን ነቀፌታውን እውነት ያደርገዋል። ነገር ግን ሐሳቡ በአገራችን መንግሥት በሆነ ጊዜ ያደረገውን እናውቃለን፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በፒያሳ ሐውልታቸው የቆመው አቡነ ጴጥሮስም አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ከመገደላቸው በፊት ለወራሪው እንዲገዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው እንዲህ ነቅቶ አይቆምም።

አሁን ደግሞ ስለ አመርማሪው ራሱ እንናገር። በ1870 በለንደን ትምህርት የሰጠው ማክስ ሙለር አንድ ሃይማኖት ብቻ የሚያውቅ ሰው ምንም አያውቅም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ግማሹ እውነት ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳንርቅ በዚያው በፒያሳ አካባቢ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እርሱም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ ነው። አርመኖች በእምነት እኅቶቻችን ከሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ወገን ናቸው። ከእኛ ሰዎች አንዱ ወደዚያ ገብቶ ዜማቸውን ቢሰማ፣ ከበሮና ጽናጽል የሌለበት አገልግሎት ቢያይ፣ ከበሮው ሥርዐታችን እንጂ ሃይማኖታችን እንዳልሆነ ያን ጊዜ በዓይኑ ያያል። የራሱን የሚያውቀው የጎረቤቱን አይቶ ነው። ግማሹ ግን እውነት አይደለም፤ ሁሉን በውጭ ዞሮ ያየ ሰው የትኛውንም በውስጥ አያውቅምና። ቋንቋ ሁሉ በሰዋስው አጥንቶ በአንዱም የማይጸልይ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ መርማሪዎቹ የውስጥና የውጭ ዐዋቂ የሚሉት ነገር አለ። ብዙዎቹ፥ መርማሪ ሲመረምር «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» የሚለውን ፍርድ ለጊዜው አቆይቶ፣ ምእመኑ ራሱ እንደሚያየው ለማየት ይጣር ይላሉ። ይህ መልካም ሥርዐት ነው፤ እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን እንደሚያወልቅ ያለ ነው። የዚህንም ምሳሌ የሰጠ የአገራችን ሰው አለ። የመካነ ሥላሴ ሰው የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ በ1649 ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱ። አንዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ይመልሳል። ግእዙን፣ አማርኛውን፣ ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የአገሩን ልማድ አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ለአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ሆነ፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ያለ ጠያቂው መጽሐፉ ባልተጻፈ ነበር፤ ያለ መላሹም የሚጻፍ ነገር ባልተገኘ ነበር። ዛሬ የእኛን ሃይማኖት ከውጭ መጻሕፍት ብቻ የሚያጠና ልጃችን፣ የሉዶልፍን ወንበር ይዞ የአባ ጎርጎርዮስን ወንበር ባዶ እንዳይተው እንመኛለን።

የመጨረሻው የምንጠራላችሁ ሊቅ እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ይህ ሰው በወረራው ዘመን መጨረሻ በጋምቤላ በኩል ከአኙዋክ ጦረኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ተዋግቷል፤ ከዚያም አስቀድሞ በሱዳን በኑዌር ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ቋንቋቸውን ተምሯል። ኑዌር በእኛም አገር በጋምቤላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። እንደ ታይለርና እንደ ፍሬዘር ከሩቅ አልገመተም፤ ከብቱ ሲሠዋ፣ ጸሎቱ ሲደርስ ቆሞ አየ። ስለ ሃይማኖታቸው በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዐቱን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ ይህ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሰው ውስጣዊ ሁኔታ የሚያመለክት መሆኑን ገልጾ፣ ከዚያ በላይ ያለው የነገረ መለኮት ሊቅ ሥራ ነው ብሎ ብዕሩን አኖረ። የዕውቀቱን ድንበር ዐውቆ በድንበሩ ላይ የቆመ መርማሪ እንዲህ ያለ ነው። ለዚያ ተማሪ የምናሳየውም ይህንኑ ሊቅ ነው። ዱርኬም ሰዎች ለምን አብረው እንደሚቆሙ ይነግረዋል፤ ኦቶ ቆመው ሳሉ ምን እንደሚሰማቸው ይነግረዋል፤ ማርክስም በቆሙበት ስፍራ ማን እንደሚጠቀም እንዲጠይቅ ያደርገዋል። በማን ፊት እንደ ቆሙ ግን ከእነዚህ አንዱም ሊነግረው አልተላከም።

ባለፈው ወር በ23 ቀን ጧት ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ሄደን ነበር። ገና ሳይነጋ ከከተማዋ ዳርቻ የሚመጡ ሚኒባሶች ነጠላ የለበሱ እናቶችን በምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያወርዱ ነበር። ከእነርሱ አንዲቱን፣ ቤቷ ፈርሶ ወደ ሩቅ መንደር የተዛወረች መሆኗን የነገረችንን፣ «እናቴ፣ በአዲሱ ሰፈርሽ ቤተ ክርስቲያን የለምን?» ብለን ጠየቅናት። «አለ እንጂ አባቴ፣ እዚያም እስማለሁ፤» አለችን። «የጥንት ጎረቤቶችሽን ልታገኚ መጥተሽ ነውን?» አልናት። «የት አባታቸው ይገኛሉ! አንዷ በዚያ፣ አንዷ በዚህ ሆነው ቀርተዋል፤» አለችና ጥቂት ሣቀች። ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ስእለት አለብኝ» አለችና ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ደጃፉ ሄደች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።